አሮጌ ጄት ስኪን በአንድ በጋ መጨረስ

አዲስ ጄት ስኪ ማበላሸት ማንም ይችላል፤ የሚጠይቀው ገንዘብ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ውሃ ላይ ሲበር ኖሮ ገና ብዙ ዕድሜ የቀረውን ማሽን በጥቂት ቅዳሜና እሁድ ቁርጥራጭ ብረት ማድረግ ግን ሙያ ነው። ይህ ምክር ለሙያው ጀማሪዎች ነው።

በቅድሚያ የማሽን ምርጫ። ለዚህ ዓላማ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ ሲ-ዱን የሚስተካከለው የለም። የካናዳው ቦምባርዲየር ሲ-ዱን መጀመሪያ ያወጣው በ1968 ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ተወው፣ በ1988 ግን መልሶ ይዞት መጣና ሐይቁንም ባሕሩንም አዳረሰው። ሞተሩ ኦስትሪያ የሚሠራው ሮታክስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ሲሊንደር ቱ ስትሮክ። ቱ ስትሮክ ለእኛ ሥራ የተመቸ ነው። ዘይቱ ከነዳጁ ጋር አብሮ ይገባል፣ አብሮ ይቃጠላል፤ የሚገባው ነዳጅም ፒስተኑን ያቀዘቅዛል። ነዳጁ ትንሽ ሲያንስ ሞተሩ ወዲያው አያጉረመርምም። እንዲያውም ለጥቂት ደቂቃ ከወትሮው የተሻለ ይሮጣል፤ ባለቤቱም «ዛሬ ጥሩ ተነስቷል» ይላል። ከዚያ ይነክሳል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል።

መርሁን ከወዲሁ ይያዙ፦ ምንም ነገር አይለኩ። የኮምፕረሽን መለኪያ ዋጋው ብዙ አይደለም፤ ችግሩ ክርክር ይገድላል። ሐይቅ ዳር ቆሞ «ካንዴላ ነው»፣ «የለም፣ ፓምፕ ነው» እየተባባሉ መሟገት የሚያስደስተው ቁጥር እስኪመጣ ድረስ ነው። ቁጥር ከመጣ ሁሉም ዝም ብሎ ወደ ሥራ መግባቱ ነው፤ ማን ለሥራ ወጣ?

እንጀምር። ማስነሻውን ተጫኑት፤ ዝም አለ። ምርመራውን በጣም ውድ ከሆነው ዕቃ ይጀምሩ፤ ሞተሪኖ ይዘዙ። እጀታው አጠገብ የምትሰካዋን የደኅንነት ገመድ ግን እንዳያዩ። በብዙዎቹ የ1990ዎቹ አጋማሽና ከዚያ ወዲህ ሲ-ዱዎች ላይ የዚያች ገመድ ጫፍ ኮድ አላት፤ በደንብ ስትሰካ ማሽኑ ሁለት ጊዜ አጠር አድርጎ ጢጥ ጢጥ ይላል። ጢጥታው ካልተሰማ ችግሩ ገመዷ፣ መሰኪያዋ ወይም ባትሪው ነው፤ ሦስቱም ርካሽ ስለሆኑ አያረኩም። ባትሪውንም ቢሆን ቆሞ ሳለ ብቻ ይዩት። 12 ቮልት ካሳየ ይመኑት፤ ሞተሪኖው ሲጎትተው ወደ 8 ይውረድ አይውረድ የእርስዎ ጉዳይ አይደለም። የኔጌቲቩ ገመድ ሞተሩ ላይ የታሰረበት ብሎን በጨውና በዝገት ተሸፍኖ ከሆነ ውበቱን አይንኩ።

አዲሱ ሞተሪኖም ዝም ካለ ጊዜው የካቻቢቴ ነው። የሪሌውን ሁለት ጫፍ በካቻቢቴ ሲያገናኙ ብልጭታ ይወጣል፣ ሞተሩም ይዞራል፣ የከበበውም ሰው ያደንቃል። ይህን ሲያደርጉ መቀመጫውን ገና መክፈትዎ ይሁን። የጄት ስኪ ሆድ የታሸገ ነው፤ ያረጀ ቱቦ ያንጠባጠበው ቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ መውጫ አጥቶ እዚያው ታች ይተኛል። ጠንቃቆች ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት መቀመጫውን ከፍተው ያናፍሳሉ፣ ያሸታሉ። የባሕር ሪሌና ሞተሪኖ ብልጭታ እንዳያወጡ ተደርገው ስለሚታሸጉ ከመኪናው ይወደዳሉ፤ እርስዎ ግን ከመኪና ዕቃ መሸጫ የመኪናውን ይግጠሙ። ቅንድብ መልሶ ይበቅላል ይባላል፤ ሌላው ግን እንደ ዕድልዎ ነው።

ተነሳ እንበል። ሐይቁ ላይ ግን ጉልበት የለውም፤ ግማሽ ፍጥነት ላይ ይንገታገታል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይታፈናል። ሁለቱን ካንዴላዎች ያውጡና ሳያዩ ይጣሏቸው። ቢያዩዋቸው ወሬ ያወራሉ፦ ቡናማ ከሆነ ሰላም ነው፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ ነጭና ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አንሷል፣ ሞተሩም የኑዛዜ ሰዓቱ ደርሷል። በተለይ አንዱ ቡናማ ሌላው ነጭ ከሆነ የታመመው ካርቡሬተር የትኛው እንደሆነ በጣት ጠቁሞ ማሳየቱ ነው። አዲስ ገጥመው ምስክሮቹን ያጥፉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥበብ ደረስን፤ ካርቡሬተሩ። የጄት ስኪ ካርቡሬተር እንደ ድሮው መኪና በተንሳፋፊ አይሠራም። ማሽኑ ይዘላል፣ ይጋደማል፣ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ነዳጁን የሚቆጣጠረው ስስ የጎማ ሽፋን ነው። ሆዱ ውስጥ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ወንፊት አለች። ከፋብሪካ የተገጠመው ግራጫ የነዳጅ ቱቦ ደግሞ ዕድሜው ሲገፋ ከውስጥ ይሟሟል፤ የሟሟው አረንጓዴ ሙጫ ሆኖ ከነዳጁ ጋር ይወርድና ማረፊያው ያች ወንፊት ትሆናለች። ከውጭ ሲያዩት ቱቦው አምሮበታል። ወንፊቷ በግማሽ ከተደፈነች ሞተሩ በዝግታ ሲሄድ የሚበቃው ነዳጅ ያገኛል፤ ሙሉ ሲሰጡት ግን የሚደርሰው አይበቃውም። ሮታክስ የሚገደለው እንዲህ ነው፤ በሙሉ ፍጥነት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከዳርቻ በራቀ ቦታ።

መፍትሔው ምስጢር አይደለም። ግራጫውን በሙሉ ነቅሎ ለነዳጅ የተሠራ ጥቁር ቱቦ ማስገባት፣ የነዳጅ መምረጫውን ፈትቶ ማየት፣ ካርቡሬተሮቹን አውርዶ ወንፊቶቹን ማጠብ፣ የደረቁትን ሽፋኖች መለወጥ። አንድ ሙሉ ቀን የሚበላ፣ ፎቶ የማይነሱበት ሥራ ነው። ስለዚህ አያድርጉት። በምትኩ በጣሳ የሚሸጠውን ማጽጃ ከላይ ይርጩበት፤ ወንፊቷ ጋ አይደርስም፣ ግን ይሸታል፣ ያጨሳል፣ ሥራ የተሠራም ያስመስላል። ከዚያ ሚኒሞውን እያዞሩ ሞተሩ ዳር ላይ ቆሞ ልስልስ ብሎ እስኪያንጎራጉር ያስተካክሉ። ወንፊቷ የምታስርበው በሩጫው ጊዜ መሆኑን ለሚነግርዎ ሰው ቡና ጋብዘው ያሰናብቱት።

ነከሰ። እንኳን ደስ ያለዎ። ቴስታታው ሲነሳ አንዱ ፒስተን በጭስ መውጫው በኩል ተፍቆ፣ ፋሻው ተጣብቆ ያገኙታል። እዚህ ላይ የዘርፉ ታላቅ ስህተት ይጠብቅዎታል፤ እኔ ራሴ ከሁሉም አስበልጬ የማደንቀው ይህን ነው። ፒስተኑን ይለውጡ፣ ለምን እንደነከሰ ግን አይጠይቁ። የተበላሸውን አንዱን ብቻ ይለውጡ፤ ሲሊንደሩን አያስለኩ፣ አያስሞርዱ፤ የተጣበቀውን አሉሚኒየም በአሸዋ ወረቀት አበስ አድርገው ይዝጉት። ያችን ወንፊት እንደተደፈነች ይተዉአት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው የሚያላግጡ ሽማግሌዎች ይኖራሉ፤ እነሱ ጄት ስኪ ነድተው አያውቁም። አዲሱ ፒስተን በዚያው ወንፊት፣ በዚያው ነጭ ካንዴላ፣ በዚያው ሲሊንደር ይሞታል። መካኒኩ ሁለተኛውን ፒስተን ሲያዝልዎ «የቻይና ዕቃ» ብሎ ያጽናናዎታል፤ እርስዎም ይስማሙ፤ ቻይና መልስ አትሰጥም።

የተገጣጠመውን ሞተር ሐይቅ ድረስ ከመውሰድ ግቢ ውስጥ በውሃ ጎማ መሞከር ይቻላል። ይህ ማሽን ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ፓምፑ ከሐይቁ በሚልክለት ውሃ ነው፤ ግቢ ውስጥ ያንን የሚተካው ጎማው ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ሞተር ማስነሳት፣ ከዚያ ውሃ መክፈት፤ ሲጨርሱ ውሃ መዝጋት፣ ከዚያ ሞተር ማጥፋት ነው። ምክንያቱም ውሃው በጭስ ማውጫው በኩል ስለሚያልፍ ገፍቶ የሚያወጣው የሞተሩ ጭስ ነው። እርስዎ ይገልብጡት። ውሃውን አስቀድመው በደንብ ይክፈቱ፣ ማርሚታው ይሙላ፣ ከዚያ ተርፎ ወደ ሲሊንደሮቹ ይመለስ፤ ያን ጊዜ ማስነሻውን ይጫኑ። ውሃ አይጨመቅም። ሞተሩ ጓ! ብሎ ይቆማል፤ ከጎረቤት ልጆች በስተቀር ሁሉም ይደነግጣል። ጥድፊያ የሚወዱ ከሆኑ ደግሞ ያለ ምንም ውሃ ያስነሱትና «አንድ ደቂቃ ብቻ» ይበሉ፤ የጭስ ማውጫው ጎማ ሲቀልጥ የሚሸተው ሽታ ከልብስ ቶሎ አይለቅም።

ሞተር ውስጥ ውሃ ገባ ማለት ግን ገና አልሞተም፤ እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች ይቸኩላሉ። ካንዴላዎቹን አውጥተው፣ የካንዴላ ገመዶቹን ከብረቱ ጋር አያይዘው፣ ሞተሪኖውን አዙረው ውሃውን ካስተፉት፣ በዚያው ቀን ደግሞ አስነስተው ካሞቁትና ዘይት ካጠጡት ይድናል። ስለዚህ ወደ ቤት ይግቡ። እሁድ ማታ ነው፣ ነገ ሥራ አለ። የክራንኩ ኩሽኔታዎች ለመዛግ አንድ ሌሊት ይበቃቸዋል፤ እርስዎ የሰጧቸው ሳምንት ነው። ውሃ ላይ ሲገለበጥም እንዲሁ፤ ከኋላ የተለጠፈው ሥዕል ማሽኑን በየትኛው አቅጣጫ እንደሚመልሱት ያሳያል፤ በተቃራኒው ይመልሱትና ማርሚታው ውስጥ ያለው ውሃ መንገዱን ያገኛል።

ይህን ማሽን ከዱባይ በኮንቴይነር አስመጥተው ላንጋኖ ካወረዱት ተጨማሪ ዕድል አለዎት። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍ ይላል፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚያ ነዳጅ ያበዛል፤ ሞተሩ ይሰንፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ከመርሁ ወጥተው መለካት የሚፈቀድልዎ እዚህ ብቻ ነው። ጤነኛ ሮታክስ ባሕር ጠለል ላይ 150 ፒኤስአይ ገደማ ያሳያል፤ ላንጋኖ ላይ ያው ጤነኛ ሞተር በአየሩ መሳሳት ብቻ ከ130 በታች ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩን ከባሕር ዳሩ ጋር ያወዳድሩና «ፋሻ በልቷል» ብለው ይፍረዱበት። ሲለኩ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ መያዝ እንዳለብዎ ከረሱ ደግሞ ቁጥሩ የባሰ ይወርዳል፣ ፍርዱም ይጠነክራል። አስተዋይ ሰው የሚያየው ሁለቱ ሲሊንደሮች ከ10 በመቶ በላይ መራራቃቸውን ነው፤ እሱ ከፍታ አያታልለውም። ቡናማው ውሃ የያዘው ደለል ማቀዝቀዣውን እንዳይደፍን በንጹሕ ውሃ ማጠቡም የአስተዋዮች ነገር ነው።

በመጨረሻ፣ በስንት መከራ፣ ሁለቱም ሲሊንደሮች እኩል ሆኑ፤ ሞተሩ በአንድ ንክኪ ይነሳል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ጆሮ ይበጥሳል። ማሽኑ ግን አይሄድም። ድምፁ ከፍ ይላል፣ ውሃው ከኋላ ይንፈቀፈቃል፣ እርስዎን ዳክዬ ያልፍዎታል። አንዳንድ ሰዎች በዚህ ጊዜ ሞተሩን አጥፍተው፣ ገመዷን ነቅለው፣ ከሥር ወደ ፓምፑ አጎንብሰው ያያሉ። ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት የተጠቀለለ ገመድ ወይም አረም ነው፤ ካልሆነም በፓምፑ ምላጭ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ ቀለበት በአሸዋ ተበልቶ ክፍተቱ ሰፍቷል። ቀለበቱ ለመበላት ተብሎ የተሠራ ርካሽ ዕቃ ነው። እርስዎ ግን ይህን ሁሉ ርቀት የመጡት ለፕላስቲክ አይደለም፤ ጉልበት የሞተር ነገር ነው። ቁልፉን ያምጡና ቴስታታውን እንደገና ይፍቱ።