የትኛው እንግሊዝኛ?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሶማሌላንዷ ሐርጌሳ በ«ቁርባጆግ» ትሞላለች። ከለንደን፣ ከቶሮንቶና ከሚኒያፖሊስ ለእረፍት የሚመጡትን ሶማሌዎች አገሬው የሚጠራቸው እንዲህ ነው። ያን ጊዜ ሻይ ቤት ጆሮውን ያቀና ጉድ ይሰማል። በእንግሊዝ ዘመን በሼክና በአሙድ ትምህርት ቤቶች የተማሩ አዛውንት እንግሊዝኛቸው ከረባት ያሰረ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ሳይቋጩ ትንፋሽ አይወስዱም። የምሥራቅ ለንደኑ ጎረምሳ ግን የቃሉን ግማሽ ይውጠዋል። አዛውንቱ «ይሄ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው?» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። የሰፈሩ ልጆች ግን የሚቀዱት የጎረምሳውን ነው።

ጭቅጭቁ ከእንግሊዞቹ ከራሳቸው የተወረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ፈረንሳይኛቸውን ይዘው ገቡ። ደሴቲቱ ላይ ሲከርም ቋንቋው የራሱን ቅላጼና ቃላት አበጀ፤ ፈረንሳይ የቀረው ዘመዱም በራሱ መንገድ ሄደ። ፈረንሳዮቹ ሳቁበት። የእንግሊዝ መኳንንት እፍረቱ ሲበዛባቸው ልጆቻቸውን አንደበታቸው እንዲቃና ባሕር አሻግረው መላክ ያዙ። ገጣሚው ቾሰርም በ«ካንተርበሪ ተረቶች» ፈረንሳይኛን በስትራትፎርድ አት ቦው የተማረች፣ የፓሪሱን ግን የማታውቅ አንዲት እመምኔት ላይ ያሾፋል። ያ ቦው ዛሬ ታወር ሃምሌትስ በሚባለው የምሥራቅ ለንደን ክፍል ውስጥ ነው። ሶማሌዎች በመርከበኝነት ከመጡበት ዘመን ጀምሮ የከተሙበት ማለት ነው! ፈረንሳይኛው የተሾፈበት ሰፈር እንግሊዝኛው ሐርጌሳ ድረስ ይናፈቃል።

ልጅ ማሻገሩም አልቀረም፤ ግራ የሚያጋባው አቅጣጫው ነው። የለንደኑ አባት ልጁ ሶማሊኛና ሥርዓት እንዲማር «ዳቀን ኤሊስ» (ወደ ባህል መመለስ) ብሎ ሐርጌሳ ይሰደዋል። የሐርጌሳው አባት ደግሞ ልጁ እንግሊዝኛ እንዲያቀላጥፍ ለግል ትምህርት ቤት ይከፍላል። ሁለቱን ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ቢቆልፉባቸው ስንት ወጪ በዳነ! እኛ አዲስ አበባዎች ግን ከመሳቃችን በፊት፣ ግቢያቸው ውስጥ አማርኛ የተናገረ ልጅ የሚቀጡ ትምህርት ቤቶቻችንን እናስታውስ።

የሶማሌላንድ ሕገ መንግሥት ሶማሊኛን ይፋዊ፣ ዓረብኛን ሁለተኛ ቋንቋ አድርጎ ሌሎቹን «እንዳስፈላጊነቱ» ይላል። ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ፣ ብዙው ታፔላ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ፤ አስፈላጊነቱ በርትቷል። ሕግ ሌላ ኑሮ ሌላ መሆኑ ግን ለእንግሊዞች አዲስ ነገር አይሆንም። እነሱም እ.ኤ.አ. በ1362 የፍርድ ቤት ሙግት ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ አውጥተዋል። ሕጉን የጻፉት በፈረንሳይኛ ነበር።