ስምንት ገላ፣ አንድ ሬሳ

እንግሊዛዊው ስቱዋርት ተርተን «የኤቭሊን ሃርድካስል ሰባት ሞቶች» የተሰኘ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በ2018 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ የዚያን ዓመት የኮስታ የመጽሐፍ ሽልማትንም በመጀመሪያ ልብ ወለድ ዘርፍ ወሰደ። አንድ ወዳጄ ይህን መጽሐፍ ካነበበ ወዲህ ሰው አያስቀምጥም። እኔም አንብቤ ጠበቅኩት።

«ሰባት ሞት? ዕድርተኞቹ እንዴት ቻሉት?»

«አሜሪካ ሲደርስማ ርዕሱ ላይ ሰባት ተኩል ሆኗል።»

«ግማሿ የጉምሩክ ቀረጥ ትሆናለቻ!»

«ቀልዱን ተው! ኤይደን ቢሾፕ ብላክሂዝ በሚባል ያረጀ የገጠር ቤት ውስጥ በነቃ ቁጥር ገላው የሌላ ሰው ነው። ስምንት ገላ፣ ስምንት ቀን፤ ቀኑ ግን ያው አንዱ ቀን። ኤቭሊን ሁሌም ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ትሞታለች። ገዳይዋን ካላወቀ ትዝታው ተሰርዞ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል።»

«እኔም ምዕራፍ ሦስት ስደርስ ምዕራፍ አንድ ተሰርዞብኛል፤ ማን ሸለመኝ?»

«የሴራውን ስፌት እየው እንጂ! አንዱ ገላ ግራ የተጋባበትን ነገር፣ ሌላው ገላ ራሱ ሲያደርገው ታገኘዋለህ። አንድ ክር አልተበጠሰም።»

«የተበጠሰው የአንባቢው ነርቭ ነው! ከመወሳሰቡ የተነሳ ገዳዩ ራሱ ማንን እንደገደለ ለማወቅ መጨረሻውን ገልጦ ያነባል።»

«ገላው ሲለወጥ ጠባዩም መለወጡስ? ሐኪሙ ቤል ውስጥ ሲገባ ይፈራል፤ ባንከኛው ራቨንኮርት ውስጥ ሲገባ አእምሮው ይሳላል።»

«ይሄንንስ እሰጥሃለሁ፤ ከመጽሐፉ ሁሉ ምርጡ እሱ ነው። ግን ራቨንኮርትን ባታነሳው ይሻልህ ነበር! ደራሲው ብልሃቱን ቆንጥሮ፣ ውፍረቱን በየገጹ ይግተናል። ገዳይ ፈልግ የተባለ ሰው ሚዛን ይዞ ይዞራል እንዴ?»

«ምትሃቱስ? ያ የወፍ ጭንብል ያጠለቀው፣ የጨዋታውን ሕግ የሚናገረው ሐኪም?»

«እሱ ሐኪም ነው ቀበሌ? ‹ነገ ተመለስ› እያለ ያመላልስሃል! ደራሲውም የቦታውን ምንነት ስንት መቶ ገጽ ሙሉ ደብቆ፣ መጨረሻ ላይ በጥድፊያ ያራግፈዋል። የግድያው ሒሳብ እስከ ሳንቲሙ ተወራርዶ የምትሃቱ በዱቤ ቀረ።»

«ታዲያ ይነበብ ነው የምትለው አይነበብ?»

«ይነበብ እንጂ! ብቻ ደብተርና እርሳስ ይዘህ ግባ።»

«ገዳዩን ለመያዝ?»

«ኧረ የምን ገዳይ! አንተ ራስህ ስንተኛው ሰው እንደሆንክ እንዳይጠፋህ።»