ነገረ ገለጣ፦ መጽሐፍ ሳይገዙ ስለ ማገላበጥ የቀረበ አጭር ድርሳን

ገለጣ ማለት፣ በዚህ ድርሳን ብያኔ መሠረት፣ አንድ ሰው ከመጽሐፍ መደብር ወይም ከመንገድ ዳር ድርድር ፊት በሁለት እግሩ ቆሞ፣ የመግዛት ሐሳብ ሳይኖረው፣ አለዚያም ሐሳቡ ኖሮት ገንዘቡ ሳይኖረው፣ የሰው ሸቀጥ እንደ አባቱ ርስት የሚመረምርበት ግብር ነው። ከንባብ ይለያል፤ አንባቢ ይቀመጣልና። ከግዢም ይለያል፤ ይህን ልዩነት ግን ባለ መደብሮች ከእኔ ይልቅ አጥብቀው ያስረዳሉ።

ጥንተ ነገሩን ስንመረምር፣ በዘመነ ብራና ገለጣ አልነበረም። የፍየል ቆዳ ተወጥሮና ተፍቆ፣ በቁም ጽሕፈት ተጽፎ፣ በእንጨት ገበታ ተጠርዞ ማኅደር የገባ መጽሐፍ ከግድግዳ ይንጠለጠላል እንጂ፣ አላፊ አግዳሚው አንሥቶ «እስቲ መጨረሻው ምን ይሆን?» የሚለው አይደለም። ገለጣ የኅትመት ልጅ ናት። ስለሆነም የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ መታተሙንና ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. መቋቋሙን ሌሎች ሊቃውንት ለሥነ ጽሑፍ ታሪክ ቢጠቅሷቸውም፣ እኔ በነጻ ሊነበብ የሚችል ነገር መብዛት የጀመረበት ዘመን መባቻ አድርጌ እቆጥራቸዋለሁ።

ገላጭያን በኩነታቸው በሁለት ይከፈላሉ፦ ቋምያንና ነባርያን። ቋምያን በለገሃር፣ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢና በአራት ኪሎ የሚገኙት ናቸው። ነባርያን ደግሞ ቡና ቤት ተቀምጠው መደብሩ በእግሩ የሚመጣላቸው ናቸው፤ ይኸውም ከመዳፉ እስከ አገጩ መጻሕፍት የደረደረው አዟሪ ነው፤ በእነርሱ ፈንታ እርሱ ስለሚቆም ብያኔው አይፈርስም። አዟሪው ክምሩን ሳያናጋ ከታች አራተኛውን መጽሐፍ መዝዞ የሚያወጣበት ስልት የራሱ ድርሳን የሚያሻው በመሆኑ እዚህ አልገባበትም።

በስልተ ገለጣ ረገድ ግን ጉባኤው ተከፍሏል። አንደኛው ወገን አውራ ጣቱን በምላሱ አርጥቦ ቅጠሉን የሚገልጥ ሲሆን «ርጡባን» ይባላል፤ ሁለተኛው ወገን ምራቅ ወረቀትን ያረክሳል ብሎ በደረቅ ጣት የሚታገል ሲሆን «ይቡሳን» ይባላል። ርጡባን ይቡሳንን ሁለት ቅጠል ባንድ ጊዜ በመግለጥና የታሪኩን ውል በማጥፋት ይከሷቸዋል፤ ይቡሳንም ርጡባንን ስለ ጉንፋን ይከሷቸዋል። ለጸጋና ለቅባት የሃይማኖት ክርክር በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተጠርቶለታል፤ ለዚህኛው እስካሁን የጠራለት የለም።

ከአቅጣጫ አንጻር ከፊት የሚጀምሩ ጥቂቶች ናቸው። ብዙኃኑ ኋልዮሽ ገላጭያን ሲሆኑ፣ ቀድመው የጀርባውን ሽፋን፣ በሽፋኑም ላይ የደራሲውን ፎቶግራፍ፣ ከፎቶግራፉም በታች ዋጋውን ይመረምራሉ። ዋጋው በአዲስ ተለጣፊ ወረቀት ተሸፍኖ ከተገኘ የአውራ ጣት ጥፍር ተለጣፊውን ፍቆ ከሥሩ ያለውን ጥንታዊ ንባብ ያወጣል፤ ይህም ከንጽረተ ጽሑፍ ጥበብ የማያንስ ሥራ ነው። በኩራዝ አሳታሚ ዘመን የወጡ መጻሕፍት ለዚህ ምርምር እጅግ ለም ናቸው። ምስጋናውን ብቻ አንብበው የሚመልሱም አሉ፤ እነዚህ የደራሲው ወዳጆች ሲሆኑ የሚፈልጉትም የገዛ ስማቸውን ነው። ካላገኙት መጽሐፉ ደካማ ነው።

ያገለገሉ መጻሕፍት ለብቻቸው ይታያሉ። በመጀመሪያው ቅጠል ላይ «ለማልረሳህ ለአንተ፣ ከማትረሳህ» የሚል የእስክሪብቶ ጽሑፍ ተገኝቶ መጽሐፉ በ60 ብር ሲሸጥ፣ መርማሪው ማን ማንን እንደረሳ ከቀለሙ ብቻ መወሰን አይችልም። ሽታቸው ግን ይታወቃል፦ በርካሽ ወረቀት ውስጥ ያለው ሊግኒን የተባለው የእንጨት ውሑድ በአየርና በብርሃን ሲፈርስ ወረቀቱ ይወይባል፤ ወደ ቫኒላ የሚያደላ መዓዛም ይሰጣል። ስለዚህ አፍንጫውን ከገጹ መካከል የሚቀብር ገላጭ አብዷል አይባልም፤ ዕድሜ እየለካ ነው።

የገለጣ ሁሉ ፍጻሜ «ስንት ነው?» የሚለው ቃል ነው። አንድም፦ ሊገዛ አስቦ ጠየቀ፤ ይህ ትርጓሜ ደካማ ነው። አንድም፦ ሻጩ ዓይኑን ስለጣለበት ቆይታውን ሕጋዊ ለማድረግ ጠየቀ። አንድም፦ «ውድ ነው» ብሎ በክብር ለመሄድ ጠየቀ። ሦስተኛው ይጸናል።

ይህን ሁሉ በግብር ለማረጋገጥ፣ ለገሃር አጠገብ አንድ ድርድር መርጬ፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በድጋሚ ኅትመቱ፣ ከሥራ መልስ በየዕለቱ ጥቂት ገጽ፣ ያለ ምልክትና ያለ እጥፋት፣ የደረስኩበትን በቃሌ ብቻ እየያዝኩ ስገልጥ ቆየሁ። ሻጩ ወጣት አንድም ቀን ቀና ብሎ ስላላየኝ ጥናቱ ከአድልዎ የነጻ መሆኑን መዝግቤያለሁ። አንድ ማክሰኞ ግን በገጽ 212 ላይ የአውቶቡስ ትኬት ተሰክቶ አገኘሁ። በመጀመሪያ ሌላ ተመራማሪ በተመሳሳይ ቅጂ ላይ ተሰማርቷል የሚል መላምት አቀረብኩ። መላምቱን ገና ሳልፈትነው ወጣቱ ከክምሩ ጀርባ፣

«ጋሼ፣ ከ212 ነው የሚቀጥሉት» አለኝ። «ትናንት ስልክ ተደውሎልዎት ምዕራፏን ሳይጨርሱ ነው የሄዱት። ቆይ በርጩማ ላምጣልዎት።»

በርጩማው መጣ። ከላይ እንደተበየነው ገላጭ የሚቆም፣ አንባቢም የሚቀመጥ በመሆኑ፣ መቀመጡ የድርሳኑን መሠረት እንደሚያናጋ ተረዳሁ፤ ጉዳዩንም ቆሜ ለረጅም ጊዜ አሰላሰልኩ። ያን ዕለት እስከ ገጽ 231 ደረስኩ።