የላስታዋ የጦር መርከብ

ላሊበላ ውስጥ «መርከብ እየሠራሁ ነው» ማለት የራሱ ጣጣ አለው። የሰማ ሰው ቀድሞ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፤ ከዚያ እናንተን ከላይ እስከ ታች ይቃኛል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠች ከተማ፣ ውኃ በተራ እየመጣ ጀሪካን በሚሰለፍበት ሰፈር፣ መርከብ የሚያስፈልገው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ተጽፎ አልፏል። ስለዚህ እኔ የጦር መርከብ ሞዴል ልሠራ ብነሣ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ «የኖኅ መርከብ ነው» ብሎ ወሰነ። አከራዬ እትዬ ሁለት ቀን አስበውበት «እንስሳቱም እዚሁ ግቢ ነው የሚገቡት?» ብለው ጠየቁኝ። ኪራይ ሊጨምሩ ይሁን ሊያዝኑልኝ ያኔም አልገባኝ፣ አሁንም አልገባኝ።

ሰፈሩስ ምን ያድርግ? ቤተ ጊዮርጊስን የሚያስጎበኝ ሁሉ እንግዳውን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ አቁሞ የሚነግረው ይህንኑ ነው። ታች ያሉት ዘጠኙ መስኮቶች ድፍን ናቸው፤ ላይ ያሉት ዐሥራ ሁለቱ ክፍት ናቸው። ለምን ቢባል ቤተ ክርስቲያኑ የኖኅ መርከብ ምሳሌ ነው፤ የታችኛው ደርብ ውኃ ውስጥ ስለሆነ መስኮት አይከፈትበትም ይላሉ። ያምራል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን የሒሳብ መምህር ነኝና ከልኬት ጋር አመል አለብኝ። በኦሪት ዘፍጥረት የመርከቢቱ ርዝመት 300 ክንድ፣ ወርዷ 50 ክንድ ነው፤ ስድስት እጅ ለአንድ ማለት ነው፤ ማለፊያ የመርከብ ቅርጽ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ግን እኩል ክንድ ያለው መስቀል ነው፤ ቁመቱም ወርዱም 12 ሜትር ገደማ። «እንዲህ ያለ መርከብ ባሕር ላይ ቢወጣ ባለበት ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም» አልኩት አንድ አስጎብኚ ወዳጄን። «የኖኅስ መርከብ ወዴት ልትሄድ ነበር? ሥራዋ መንሳፈፍ ነው» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

የእኔዋ መርከብ ሌላ ነች። ሰፈራችን ውስጥ «ጋሼ ባሕር ኃይል» የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። በጉብዝናቸው ከላስታ በእግርና በጭነት መኪና ወርደው ምጽዋ የገቡ፣ «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ ያገለገሉ ናቸው። መርከቧ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1942 ውኃ የነካች፣ «ኦርካ» በሚል ስም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር አውሮፕላኖችን ስታገለግል የቆየች ነበረች። በ1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተሰጠችና ስሟ ተለወጠ። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል፣ ፊቷ ላይ 127 ሚሊ ሜትር መድፍ፣ ሆዷ ውስጥ ለሥልጠና የተሳፈሩ ዕጩ መኮንኖች። በየዓመቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር የየአገሩ የጦር መርከቦች ይመጡ ነበር፤ ጃንሆይም ወርደው ይጎበኙ ነበር። ጋሼ ይህን በየቡናው ይተርካሉ፤ ግን የሚያሳዩት አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልተረፋቸውም። ወጣቱ ደግሞ እንኳን መርከቧን፣ ባሕር ኃይል እንደነበረንም የሚያምናቸው ከሦስተኛው ቡና በኋላ ነው።

እኔ ደግሞ ሞዴል የመሥራት ልክፍት አለብኝ። ዘመድ ከውጭ ባመጣልኝ የፕላስቲክ መርከብ ጀመረኝ፤ አለቀቀኝም። ችግሩ የ«ኢትዮጵያ» ሞዴል በካርቶን ታሽጎ መርካቶ አይሸጥም። ቀለሙንም በአውሮፕላን አስመጣለሁ ብትሉ ተቀጣጣይ ነው ተብሎ አይጫንም። ያለው አማራጭ ከእንጨት መፈልፈል ነው። ለ350 አካፈልኩት፤ 95 ሜትሩ 27 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ይህንኑ ጥያቄ አድርጌ ሰጠኋቸው፤ አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ክንድ 45 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የኖኅ መርከብ 135 ሜትር ነው፤ ከጋሼ መርከብ በ40 ሜትር ይበልጣል» አለች። ይህ ወሬ ጋሼ ዘንድ በደቂቃዎች ውስጥ ደርሶ ለሳምንት አኮረፉኝ። «እሱ መድፍ ነበረው?» ብለው ነው የታረቁኝ።

አሁን እንጨቱን ወደፈለፈለልኝ ጠራቢ። ከቤተ ክርስቲያኖቹ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ያለው፣ ከለስላሳ ድንጋይና ከእንጨት ቤተ ጊዮርጊስን እየፈለፈለ የሚሸጥ ሰው ነው። የሞዴል ሥራ ላሊበላ ውስጥ አለ ከተባለ እውነተኛው ይሄ ነው፤ እኛ በፕላስቲክ የምንጫወተው ገና ሳይፈጠር አባቶቹ ቤተ መቅደስን በእጅ መዳፍ የሚያሳክሉ ሰዎች ናቸው። በኮቪድ፣ ከዚያም በጦርነቱ ቱሪስቱ ከጠፋ ወዲህ መሮው ዝጎ ነበር፤ ሥራ ይዤለት ስሄድ ደስ አለው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳተምኩትን የመርከቧን ሥዕል አገላብጦ አየና ከእጁ የማይለየውን የወይራ ጉማጅ አነሣ። እኔ ስለ መርከብ አሠራር ያነበብኩትን ነገርኩት፦ መጀመሪያ የታችኛው አከርካሪ ይጣላል፣ በእሱ ላይ ጎድን ይቆማል፣ ከዚያ ሆዷ ይለበጣል፣ ፎቁ መጨረሻ ይመጣል። ጨርሶ አልሰማኝም። መሮውን ምሰሶው ጫፍ ላይ አሳርፎ ከላይ ወደ ታች ጀመረ።

«ጣሪያው ሳይወጣ መሠረቱን ማን አይቶት?» አለኝ።

የላስታ ጠራቢዎች የሚያውቁት እንዲህ ነው። ቤተ ጊዮርጊስም ቢሆን ከአፋፉ ወደ ታች ነው የወጣው። ሰውዬው ምሰሶውን አወጣ፣ የአዛዡን ክፍል አወጣ፣ መድፉን አወጣ፤ የመድፉ አፈሙዝ የክብሪት እንጨት ያህል ቢሆን ነው፤ ትንፋሹን ይዞ በምላጭ ነበር የሚልገው። ከመርከቧ ወገብ ዝቅ ሲል ግን ቆመ። የታችኛው ግማሽ ከጉማጁ ጋር እንደተያያዘ ቀረ። «ጨርሰው እንጂ» ስለው «ጨርሻለሁ፤ ከመሬቱ ከተላቀቀማ ፍልፍል ምኑን ይባላል?» አለ።

የሚያስቀው፣ ይህ ሰው ጃፓን ሄዶ አያውቅም። እዚያ ሺዙኦካ በሚባል ክፍለ ሀገር ያሉ አራት የሞዴል ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ1971 ተስማምተው መርከብን ከውኃው መስመር በላይ ያለውን ብቻ ሠርተው መሸጥ ጀምረው ነበር፤ ጠረጴዛው ራሱ ባሕር ሆኖ እንዲታይ። ዛሬም ድረስ የሞዴል ሠሪው ዓለም በዚህ ይሟገታል፦ ሙሉ ሆድ ወይስ እስከ ውኃው ድረስ? ላስታ ውስጥ ክርክሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተቋጨ።

ተማሪዎቼ ግን መርከብ ከሆነ ይንሳፈፍ አሉ። ልክ ናቸው። እትዬ በተራቸው ከቀዱት ላይ አንድ ጀሪካን በብዙ ልመና ለቀቁልን፤ በትልቁ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ገለበጥነው፤ ጋሼ ባርኔጣቸውን አድርገው መጡ። የወይራ እንጨት ነገር ይታወቃል፤ ክብደቱ ከውኃ ጋር የሚፎካከር ነው፤ የኛው ደግሞ ገና እርጥብ፣ ከነጉማጁ። እጃችንን ስንለቅ መርከቧ አንዴ እንኳ ሳታመነታ ቀጥ ብላ ወረደች። ልጆቹ በአንድ ጉሮሮ ጮሁ፦

«ኢትዮጵያ ሰመጠች! ኢትዮጵያ ሰመጠች!»

እንግዲህ ይህ ጩኸት ምን ዓይነት ጊዜ ላይ እንደተጮኸ አስቡት። ጎረቤት በአጥር ብቅ አለ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። በበራችን ሲያልፍ የነበረ አንድ የጸጥታ ሰው መሣሪያውን እያስተካከለ ዘው ብሎ ገባ። «ማነው ኢትዮጵያ ሰመጠች ያለው?» ዝም። ከልጆቹ ትንሹ በጣቱ ሳፋውን ጠቆመ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየ። የአረፋው ቅሪት ገለል ሲል ከታች መድፉ ታየው።

«ይህች ናት?»

«አዎ።»

«ታዲያ አውጧት እንጂ! ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?» አለና እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ አወጣት።

ጋሼ የተናደዱት በልጆቹ ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ግቢው መሐል ቆሙ። «እሷ አልሰመጠችም! ማንም አላሰመጣትም!» አሉ። እውነታቸውን ነው። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ከሌሎች መርከቦች ጋር ወደ የመን አቀናች፤ እዚያው ቆማ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1993 ለብረታ ብረት ተሸጠች። ጋሼ ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከ«ተሸጠች» አያልፍም፤ ስለዚህ የተቀረውን እኔ ነው የማውቀው። ዝምታውን ለመስበር ብዬ «ጋሼ፣ ይህን ሳፋ ቁልቁል ብንደፋው ተከዜ ይገባል፣ ከተከዜ አትባራ፣ ከአትባራ ዓባይ፣ ከዚያ ሜዲትራኒያን» አልኳቸው። ተከዜ የሚነሣው ከዚሁ ከላስታ ተራሮች ነውና። ትንሽ አሰቡና «ባሕሩ ተሳስቷል፤ የኛ ቀይ ነው» አሉ። ለማንኛውም እትዬ ውኃውን ማንም ሳይቀድማቸው ለጎመናቸው አጠጡት፤ ሜዲትራኒያን ምንም አልደረሰውም።

ቀለሙ ሌላ ፈተና ሆነ። የጦር መርከብ ግራጫ ነው ሲባል ቀላል ይመስላል። ከጋራዥ ያገኘሁትን ነጭና ጥቁር የመኪና ቀለም በተነር አቅጥኜ ብቀላቅል ጋሼ «ይሄ አህያ ነው» አሉ። ብጨምርበት «ይሄ ደግሞ ዝናም ያዘለ ደመና»። በመጨረሻ ብራና ላይ ቅዱሳንን የሚሥል አንድ ጎረቤት ቀረብ ብሎ ተመለከተና፣ የእመቤታችንን መጎናጸፊያ ከሚቀባበት ሰማያዊ በብሩሽ ጫፍ ጠብ አደረገበት። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። «እሱ ነው። ከሩቅ ከባሕሩ ጋር ተመሳስላ የምትጠፋው በዚህ ነው።» ሠዓሊው ለጦር መሣሪያ በማዋሉ ቅር እንዳለው ፊቱ ይናገር ነበር፤ ብሩሹን ግን አዋሰኝ።

ሁለት እጅ ቀባኋትና እንድትደርቅ ደጅ አስቀመጥኳት። ትምህርት ቤት እንዳለሁ ሰማዩ ጠቆረ። እትዬ ለእኔ አዝነው፣ እንጀራ ጋግረው ሲጨርሱ ምጣዱ ገና ትኩስ ስለነበር መርከቧን እላዩ ላይ አስቀምጠው አክምባሎውን ከደኑባት። ሲመለሱ ከአክምባሎው ሥር የሚወጣው ጭስ የእንጀራ አልነበረም። ግራጫው እንደ ፍልቅልቅ ሽሮ ተኮፍሶ፣ ወደ ምጣዱ ወርዷል፤ ምጣዱም ጠጥቶታል። ሸክላ ደግሞ የጠጣውን አይተፋም።

ዕለቱ 22 ነበር። በማግስቱ የጊዮርጊስ ዝክር ነው፤ ማኅበሩ ደግሞ በተራቸው እትዬ ቤት። ምጣዱን በጎመን ዘር ደጋግመው አሟሹት፤ ሌሊቱን ጋገሩበት። ቄሱ ባርከው ቆረሱ፤ ማኅበርተኛው ጎረሰ፤ ቤቱ ጸጥ አለ። ሁሉም የሚያላምጠውን ያላምጣል፣ ማንም ቀድሞ መናገር አይፈልግም። ከጥግ በኩል ጋሼ ሁለተኛ ጎረሱ፣ ሦስተኛም፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይሄ ነው! መርከቧ ላይ የምንበላው ሁሉ ይህን ይህን ነበር የሚለው!» አሉ። ጨው ያለው የባሕር አየር ብረቱን እንዳይበላው መርከበኛ ዕድሜውን ሙሉ ዝገት ሲፍቅና ቀለም ሲቀባ ነው የሚኖረው፤ ሽታው ከዳቦውም ከሻዩም አይለይም። ይህን ጉዳይ ሲያብራሩ ሰዉ በትዕግሥት ሰማቸው፤ ከዚያ እንጀራውን ገፋ አድርጎ ጠላው ላይ አተኮረ። እትዬ ያን ምጣድ ለዶሮዎቹ ውኃ መጠጫ አደረጉት፤ አዲሱን እኔ ገዛሁ።

መርከቧን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ እንደገና ቀባኋት። የምሰሶውን ገመድ ከሐበሻ ቀሚስ ጥለት በተመዘዘ ክር ወጠርኩ። ዛሬ ጋሼ ቤት ቡፌው ላይ፣ በብርጭቆዎቹና በሬዲዮኑ መካከል ቆማለች፤ ባለቤታቸው በየቅዳሜው አቧራዋን ይጠርጋሉ፤ ጋሼም በየቅዳሜው መድፉን አዙረሽዋል ብለው ይጣሏቸዋል።

ጠራቢው ግን ነገሩን በዚህ አልተወውም። ሱቁ ውስጥ ሳለች ያዩዋት ሁሉ የኖኅ መርከብ እያሉ ዋጋ ሲጠይቁት ሰንብተው ነበርና፣ ሌላ ፈልፍሎ፣ መድፉን አስቀርቶ ጣሪያ አለበሳት፤ ምሰሶው ጫፍ ላይ የወይራ ቅጠል የያዘች ርግብ አስቀመጠ። ለገና በዓል ከየአገሩ ለሚጎርፈው ምእመን ከቤተ ጊዮርጊሱም በልጣ ተሸጠች። ጋሼ ወሬውን ሰምተው ሱቁ ድረስ ሄዱ። አንዷን አንሥተው በጎን በጎኗ አዩ።

«መልሕቅ የላትም» አሉ።

«ጋሼ፣ ኖኅ ምን መልሕቅ ያደርግለታል? አራራት ላይ ነው ያረፈው።»

«ነፋስ ቢነሣስ?»

ጠራቢው ተሸነፈ። አሁን ላሊበላ ውስጥ የምትሸጠው የኖኅ መርከብ በግራና በቀኝ ሁለት መልሕቅ አላት፤ ዋጋዋም በመልሕቆቹ ምክንያት ጨምሯል።