ለካ ሆዴም ያስባል!

ጎንደሬ ሆኖ ድልህ የተከለከለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን እዩኝ። ጨጓራ ነው አሉ። በርበሬ ተው፣ ቡና ቀንስ፣ አረቄማ በዞረበት አትዙር። ይህን ሁሉ ከነጠቁኝ በኋላ ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አባቴ፣ ዋናው ነገር አይናደዱ!»

በምን ልደሰትለት? በአጃ ሾርባ?

ቤት ስገባ ደግሞ የልጅ ልጄ ይጠብቀኛል። እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማራል። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት እኔ ዳባት ላይ በግ እጠብቅ ነበር። «አባባ፣ ሆድና አንጎል እኮ ይነጋገራሉ» አለኝ፣ ሹመት እንደሚያበስር ሰው። ቬገስ የሚሉት ነርቭ ከአንጎል እስከ አንጀት ይወርዳል፤ አብዛኛው ክሩ ግን ወሬ የሚያደርሰው ከሆድ ወደ ራስ ነው። አንጀት የራሱ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። ሴሮቶኒን የሚባለው የስሜት ቅመምም 90 በመቶ ያህሉ የሚሠራው እዚያው አንጀት ውስጥ ነው። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ «ግን ያ ወደ አንጎል አይሻገርም፤ አንጎል የራሱን ይሠራል» ብሎ አደናገረኝ።

ለዚህ ነው እንቅልፍ አጥተህ የምታጠናው? ፊደል ያልቆጠረች እናቴ እኮ ሆድ እንደሚብስ፣ እንደሚሻክር፣ ቂም እንደሚቋጥር ታውቅ ነበር። ታጋሹን ሆደ ሰፊ፣ እንባ የሚቀድመውን ሆደ ቡቡ ስንል ለቀልድ መሰለህ? ሚስጥር የምንይዘው በሆድ፣ የምናዝነው በአንጀት። ራስማ ምን ሥራ ነበረው? ጥምጥም መሸከም!

ኮሶንም ጠይቀኝ። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ እንኳ በመጽሐፉ ጽፎለታል። ጥሬ ሥጋ ያመጣውን ትል ለማውረድ የደጋውን ዛፍ አበባ ወቅጠን እንጠጣ ነበር። በዚያ ቀን ታዲያ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ እንግዳ ከደጅ ይመለሳል፤ ባለ ገንዘብ እንኳ ዕዳውን ለነገ ያሳድራል። ሆዱ የታወከ ሰው ጠባይ እንደማይኖረው ለማወቅ ነርቭ መቁጠር አላስፈለገንም።

ልጁ አያርፍም። ጨጓራ የሚያቆስለው ብስጭት ሳይሆን በአብዛኛው ባክቴሪያ ነው፤ ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ይህን ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፣ ጨጓራውም ተቆጣ፤ በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ አለኝ። በሽታ ጠጥቶ ኖቤል! እኔ አንድ ስኒ ቡና ብጠጣ ቤቱ በሙሉ ይጮኽብኛል።

አንድ ነገር ግን ጥሩ ተናግሯል። አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ተዋህስያን ከአንጎል ጋር ጉዳይ አላቸው፤ ቀለባቸውም አሰር ነው፦ ጤፍ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ሽንብራ። የኛው የአገር ቤት እህል ማለት ነው። ይህን ያስተማረኝ ሊቅ ራሱ ግን ፒያሳ ቆሞ የድንች ጥብስ በነጭ ዳቦ፣ በላዩ ኮካ እየጨለጠ ነው የያዝኩት። «ተዋህስያንህስ?» ብለው «አባባ፣ ፈተና ላይ ነኝ፣ አታስጨንቀኝ፤ ሆዴን ያመኛል» አይለኝም?

ቀጠሮዬ ኅዳር 12 ነው። እስከዚያ እባካችሁ፣ በርበሬ የምትደልዙ ጎረቤቶቼ፣ በእኔ በኩል ያለውን መስኮት ዝጉልኝ።