ባለ ሁለት እግሩ አምፖል

ጄኔቭ አጠገብ ባለችው ቨርሷ ውስጥ ቤት የተከራየ ሐበሻ ሐይቁን አይቶ ሳይጠግብ ጣሪያውን አይቶ ይደነግጣል። ስዊስ አገር ተከራይ ቤት ሲለቅ መብራቱን ከነመያዣው ነቅሎ ይሄዳልና አዲስ ገቢውን የሚቀበለው የተንጠለጠለ ሽቦ ነው። ግድግዳው የአከራይ፣ ብርሃኑ የራስ።

ይኼኔ የዘመድ ስጦታ ይጎርፋል። አንዱ ከአዲስ አበባ ያመጣውን የስፌት መብራት ይሰጣል፤ ሌላው ጄኔቭ ከፕላንፓሌ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛውን፤ ሦስተኛው ለምን እንዳጠራቀመው የማይታወቅ አንድ ፌስታል ሙሉ አምፖል። ከዚያ ማን ከማን እንደሚገጥም ፈልጉ!

ባለ ጥርሱ ደግ ነው። ትልቁ 27፣ ትንሹ 14 ሚሊሜትር ስለሆነ በዓይን ይለያል። ጉደኞቹ ባለ እግሮቹ ናቸው። ከፊት ሲያዩአቸው መንታ የሚመስሉ ሁለት አሉ። የአንዱ እግሮች ጫፋቸው ወፈር ብሎ በ10 ሚሊሜትር የተራራቁ ናቸው፤ 230 ቮልት በቀጥታ ይችላል። የሌላው እግሮች ቀጫጭን፣ ርቀታቸውም 5.3 ሚሊሜትር ነው፤ በትራንስፎርመር በኩል 12 ቮልት ካልሆነ አይቀምስም። እግራቸውን ያለያዩት ሰዎች ይህን አስበው ነው።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ፣ ይህን አይቀበሉም። ከዙሪክ ሦስት ሰዓት ገደማ በባቡር ተጉዘው ሲመጡ ከቦርሳቸው ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ናስትሮ አይጠፋም።

«ይኼን እግሩን በፒንሳ ገለጥ ብናደርገውስ?» አሉ።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ የ12 ቮልት ነው።»

«ኮረንቲ ኮረንቲ ነው! መርካቶ ሁለት ራቁት ሽቦ በክብሪት እንጨት ሶኬት ውስጥ ወትፈን ስንት ዓመት ቴፕ አስጩኸናል።»

የስዊስን ሕግ ባነሳባቸው ታሪክ አመጡብኝ። መሐንዲሱ አልፍሬድ ኢልግ ዙሪክ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ምኒልክ ዘንድ ሄዶ ለቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ አስገብቷል። «እነሱ ውሃ አጠጡን፤ እኛ መብራት ብንቀጥልላቸው ምን አለበት?» አሉና ወንበር ላይ ወጡ።

በራ። እንዲያ ያለ ብርሃን ቨርሷ አይታ አታውቅም፤ ለዓይን ጥቅሻ ያህል። ከዚያ ጧ! አምፖሉ ፈነዳ፣ ፊውዙ ወረደ፣ ሽሮው ሳይበስል ምድጃው ጠፋ። ጋሼ ከጨለማው ውስጥ «መያዣው የቻይና ነው» ሲሉ ተሰሙ።

ቨርሷ ራሷ እኮ ማገናኛ ናት። ጄኔቭ በ1815 ስዊስን ስትቀላቀል ከሌላው የስዊስ ምድር ጋር በየብስ አትገናኝም ነበር። በዚያው ዓመት በፓሪሱ ውል ቨርሷ ከፈረንሳይ ተወስዳ ተሰጠቻትና ገጠመች። ያኔም ቢሆን ነገሩ በውል እንጂ በፒንሳ አልተፈጸመም።

እንዳይገባ ተደርጎ የተሠራን እግር ማጣመም ድፍረት እንጂ ሙያ አይደለም። መያዣውን መቀየር ግን ነውር የለውም፤ በመኖሪያ ቤታችሁ መብራት መስቀልና ማውረድ ስዊስም ይፈቅዳል። ፊውዙን አውርዱ፣ በቴስተር አረጋግጡ፤ አሮጌ ቤት ከሆነ የሽቦ ቀለም አትመኑ። በባለ ጥርሱ መያዣ ኮረንቲ ያለበት ሽቦ ከታች ወደ መሀሉ፣ ኒውትራሉ ወደ ጥርሱ ይግባ፤ አረንጓዴና ቢጫው ወደ ብረቱ አካል። በግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ግን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ተዉለት።

ዙሪክ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ አደራ፤ ጋሼ ቤታችሁ ሲመጡ ካፖርታቸውን ብቻ ሳይሆን ፒንሳቸውንም በር ላይ ተቀበሏቸው።