ውዳሴ ነጥብ

በጣና ዳር፣ በዘጌ ልሳነ ምድር፣ ከቡናው ጥላ ሥር ተቀምጦ በኡራ ኪዳነ ምሕረትና በአዝዋ ማርያም ያሉትን የብራና መጻሕፍት ያሰበ ሰው፣ በቀደሙት ቁም ጸሐፊዎች የዋህነት ሳይደነቅ አይቀርም። ቆዳውን ፍቀው፣ መቃውን ቀርጸው፣ ጥቀርሻውን በጥብጠው፣ መስመሩን በወስፌ ወግተው፣ ወራት ሙሉ ጎብጠው ከጻፉ በኋላ፣ ስማቸውን ቢያነሡ እንኳ በመጨረሻው ገጽ ጥግ «ስለ ኃጢአቴ ጸልዩልኝ» ከማለት አያልፉም ነበርና። ሳይጽፉ ባለ መጽሐፍ መሆን እንደሚቻል የነገራቸው አልነበረም።

ይህን ምሥጢር የገለጠው የዘመናችን ጥበብ ጊት ይባላል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ሊኑክስን በኅብረት ለሚሠሩ ሰዎች ያወጣው ይህ መሣሪያ፣ አንድ ጽሑፍ በተለወጠ ቁጥር ማን፣ መቼና ስለ ምን እንደ ለወጠው እየመዘገበ የቀድሞውንም መልክ ሳይጥል ያኖራል፤ የራሱ መመሪያም «ደደቡ የይዘት መዝጋቢ» ይለዋል፤ ይህም በመነኮሳት ዘንድ እንኳ በቀላሉ የማይገኝ ትሕትና ነው። ከትእዛዞቹ አንዱ «ብሌም»፣ በእኛ ቋንቋ «ወቀሳ»፣ ሲሆን፣ ስለ እያንዳንዱ መስመር ሲጠየቅ በመጨረሻ የነካውን ሰው ስም ይጠራል። የነካውን እንጂ ያሰበውን አይልም፤ የሌላውን ጽሑፍ ነጥብና ጭረት ብቻ እያስተካከሉ ለሚኖሩት የነጥብ ሊቃውንት የክብር ደጅ የተከፈተው በዚህች ቀዳዳ ነው።

የመሣሪያው መመሪያ አስኪዶክ በሚባል የአጻጻፍ ሥርዓት የተዘጋጀ ስለሆነ፣ በየትእዛዙ ግራና ቀኝ ልዩ ልዩ ጭረት ይቆማል፤ ሥርዓቱም አልፎ አልፎ ይታደሳል። ያን ጊዜ ሊቃችን ይነሣል፤ ወገቡን ይታጠቃል፤ ቀጥ ያለውን ጭረት ነቅሎ ጋደል ያለውን ይተክላል፤ ሌላው ጸሐፊ ሌሊቱን ሙሉ ያሰላሰለው ዓረፍተ ነገርም ከዚያች ቀን ጀምሮ በወቀሳው ፊት የሊቁ ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት ቢሆንስ? ስሕተቱ አልተነካም፤ ልብሱ ግን ታጥቧል፤ ነጭ ለብሶ የመጣን እንግዳ «ውሸታም ነህ» ማለት ደግሞ በአገራችን ነውር ነው።

«ጭረቱ እኮ ጥቅም አለው፤ አንባቢው እንዳለ የሚጽፈውን ቃል በራሱ ቃል ከሚተካው ይለይበታል» የሚል ቢነሣ፣ እውነቱን ነው። በብራናውም የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም የሚጻፈው ለዓይን ጌጥ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ጸሐፊው ክፍት በተወው ቦታ ቀዩን ስም የሞላ ደቀ መዝሙር «ተአምረ ማርያምን የደረስሁት እኔ ነኝ» ሲል የሰማ ሰው የለም።

ደደቡ መዝጋቢ እንኳ ነገሩን ታዝቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው እትም 2.23፣ ወቀሳው እነዚህንና እነዚያን ለውጦች እንዲዘልላቸው በዝርዝር የሚታዘዝበትን መንገድ ጨመረ፤ የሊቁ ለውጥ በዚያ ዝርዝር ሲገባ ያልነበረ ያህል ይታለፋል፣ የጥንቱም ጸሐፊ ስም ይመለሳል። ምስጋና ይግባውና ዝርዝሩን በሰው እጅ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ የተዘጋጀውም ዝርዝር ውሎ አድሮ ቅርጹን የሚያድስለት ሊቅ አያጣም።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ከባሕር ማዶ እንደ ተማርን አድርገን ራሳችንን አናዋርድ። መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አስጽፎ ያበረከተውን ሰው ስም ከጸሎቱ መካከል ፍቆ የራሱን የሚያስገባ ባለ ርስት በኢትዮጵያ ብራናዎች ዘንድ ብዙ ነው። ያ ምስኪን ግን ብዙ ይቸገር ነበር፤ ምላጭ ይሻል፣ ቀለም ይሻል፣ የተፋቀው ቦታም ሻክሮ ይቀርና አንባቢው ጣቱን ባሳለፈበት ቁጥር ይመሰክርበታል። ለዛሬው ሊቅ ሁለት ጭረት ይበቃዋል፤ ገጹም ለስላሳ ነው።